ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ዛሬ በርበሬ በረንዳ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አፌን አስዘጉኝ። አዎ፣ የእኔን አፍ!

ኮምፒውተራቸው በየአሥር ደቂቃው ድርግም ይላል። ሦስት ባለሙያ ዕቃ ቀያየረለት፣ አልዳነም። ዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠው የኮምፒውተር ሐኪም እኔ ተጠራሁ።

ስነካው ይፋጃል። ለካ የለበሰው ዳንቴል በበርበሬ ብናኝ ተደፍኖ አየር ከልክሎታል።

«ጋሼ፣ በርዶት ነው? ጋቢም ይደርቡለት እንጂ!» አልኳቸው እየሳቅኩ።

«ባለቤቴ ናት የሠራችው» አሉኝ ቀስ ብለው። «አቧራ እንዳይነካው ብላ፣ ታማ አልጋ ላይ ሆና። አርባዋን ባለፈው ሳምንት አወጣን።»

ሳቄን የት ልደብቀው?

ዳንቴሉን ራሳቸው አነሱት፣ አራገፉት፣ አጣጠፉት። «ማታ ሳጠፋው መልሼ ባለብሰውስ?»

«ከቀዘቀዘ ይችላሉ፣ ጋሼ።»

ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ዋለ። እሳቸው ግን ዳንቴሉን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ነበር።

እናንተስ፣ የብልሽቱን ምክንያት አግኝታችሁ «ምነው ባላገኘሁት» ያላችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ።