የኋላ ወንበር የሌላት ሞተር

ዓለምጌጥ ሞተር ሳይክል ልትገዛ ነው የተባለ ቀን፣ በቴክሳሷ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ያለ አበሻ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሞተር ሊቅ ሆነ። አንዱ ደውሎ ቀይ እንዳትገዢ፣ ፖሊስ ዓይን ውስጥ ትገቢያለሽ አላት። ሌላዋ ደግሞ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር! በዚህ ዕድሜሽ ምን ነካሽ?" ብላ ጸበል እንድትጠመቅ መከረቻት። ለምን እንደፈለገችው የጠየቃት ግን አንድም ሰው የለም። ቢጠይቋትም እውነቱን ለመናገር ታፍር ነበር።

ምክንያቱ መኪናዋ ናት። ዓለምጌጥ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ትሠራለች። ከአፓርታማው ሰዎች ሁሉ ቀድማ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው እሷ ስለነበረች፣ አሮጌዋ ኮሮላዋ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሰፈሩ ታክሲ ሆና ቀረች። እንግዳ ሲመጣ ኤርፖርት፣ ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት፣ እሑድ ሲሆን ቤተክርስቲያን። ባዶ ወንበር ይዞ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የሚያውቁትን ሰው አይቶ ማለፍማ አይነሳ። ሬድዮው የሚከፈተው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ደስ እንዲለው ነው፤ መስኮቱም የሚዘጋው ብርድ ለሚፈራው ነው። እሷ "ኧረ ምን ችግር አለው" ከማለት በቀር ሌላ አልለመደባትም።

ልጇ ሄቨን ለኮሌጅ ወደ ሂዩስተን የሄደች ለታ፣ ዓለምጌጥ አልቅሳ እንዲወጣላት ብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ገና በሩን በወጉ ሳትዘጋው አንዲት ጎረቤቷ የገበያ ዘንቢሏን አንጠልጥላ መስኮቱን አንኳኳች።

"ዓለሜ፣ በዋልማርት በኩል ነሽ እንዴ?"

ዓለምጌጥ እንባዋን ዋጥ አድርጋ በዋልማርት በኩል ሆነች።

ታዲያ አንድ ጠዋት 635 የሚባለው አውራ ጎዳና ተዘጋግቶ፣ ከኋላዋ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ስለ ማኅበር ሲጨቃጨቁ፣ አንዲት ሸበቶ ፈረንጅ በሞተር መጥታ አጠገቧ ቆመች። ሴትዮዋ እንደማንኛውም ሰው መንገዱ እስኪከፈት ነው የምትጠብቀው። ግን ከኋላዋ ማንም የለም፤ የሚያናግራትም የለም። ዓለምጌጥ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አይወጣለትም። በሕይወቷ አንዲት ሌላ ሰው የማይቀመጥባት ነገር እንድትኖራት ያን ጠዋት ቆርጣ ተነሳች።

ቴክሳስ ላይ ትምህርቱን ሳይወስዱ የሞተር ፈቃድ የለምና፣ ከጎረምሶች ጋር ተሰልፋ በአንድ ትልቅ ፓርኪንግ ውስጥ ተማረች። ፍሪሲዮን መልቀቅ፣ ፍሬን መያዝ፣ ሞተሩ ሲወድቅ አብሮ አለመውደቅ። መምህሯ አጭር ቁጡ ሴት ነበረች። ሲለያዩ እንዲህ አለቻት፦ "የመጀመሪያ ሞተርሽን ዓይንሽ እንዳይመርጥልሽ፤ እግርሽ ይምረጥ። ተቀምጠሽበት ሁለቱም ተረከዝሽ መሬት ካልረገጠ ተነሺና ሂጂ።"

ጋርላንድ ከተማ ካለ አንድ የሞተር ሱቅም እግሯ መረጠላት። ትንሽ፣ ጥቁር፣ ዝቅ ያለች ሞተር ናት፤ አንድ ወንበር ብቻ አላት። ስትቀመጥባት ተረከዞቿ መሬቱ ላይ ልክክ አሉ። ነገ መጥቼ እወስዳታለሁ አለች።

ነገ ከመድረሱ በፊት ግን ጋሽ እንግዳ ሰሙ።

ጋሽ እንግዳ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ላይ ለቴሌ በሞተር መልእክት ያመላልሱ ነበር። ስለዚህ ሁለት ጎማ ያለው ነገር ሁሉ፣ የልጆች ብስክሌት እንኳ ሳይቀር፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ አይገዛም።

"እኔ እያለሁ ከፈረንጅ ሱቅ?" አሉ በስልክ። "ፎርት ዎርዝ ካሌብ የሚባል የእኛው ልጅ ሞተሩን ሊሸጥ ነው። ትልቅ ሞተር ነው። ነግሬዋለሁ።"

"ጋሼ፣ እኔ ያየኋት ትንሽ ናት፤ ትመቸኛለች። ማለቴ፣ አንድ ወንበር ቢኖራትም..."

"ትንሽ ሞተር ነፋስ ይገፈትረዋል! ደግሞ አንድ ወንበር ምን ይባላል? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፣ ልጄ!" ብለው በራሳቸው ቀልድ ከት ብለው ሳቁ።

እሷም አብራ ሳቀች። የጥፋቱ መጀመሪያ ያ ሳቅ ነው።

ቅዳሜ አብረው ፎርት ዎርዝ ወረዱ። ጋሽ እንግዳ የሌሊት ሥራ አድረው፣ እንቅልፋቸውን ትተው ነው የመጡት። ካሌብ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ዶሮ ሠርታ ጠበቀቻቸው። ሞተሩ ከምሳ በኋላ ታየ። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ በሬ የሚያህል ነገር ነው፤ ከኋላው መደገፊያ ያለው ሰፊ ወንበር አለው። ዓለምጌጥ ስትወጣበት የጫማዋ ጫፍ ብቻ ነው መሬት የነካው። ጋሽ እንግዳ ከፊት መሪውን ይዘው፣ "እህ፣ እንዴት ነው?" አሏት።

እንደማይሆናት አውቃለች። ተረከዟ ነግሯታል። ግን የሰው ምሳ በልታለች፤ ሽማግሌውን ከእንቅልፋቸው አንስታለች፤ የካሌብ ሚስት በር ላይ ቆማ ፈገግ ብላ ታያታለች።

"ጥሩ ነው" አለች።

ሱቅ ውስጥ ቢሆን "ጥሩ ነው" ማለት ምንም ማለት አይደለም። የሰው ዶሮ በልቶ "ጥሩ ነው" ማለት ግን ከፊርማ ይበልጣል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ካሌብም በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ ነድቶ ሊያመጣላት ተስማማ።

ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አላት። በመጨረሻ ሄቨን ጋ ደወለች።

"ማሚ፣ ጀስት ኖ በያቸው" አለች ሄቨን።

"አንቺ ምን አለብሽ። ጋሽ እንግዳን?"

"ሶ ልትወድቂ ነው? ላይክ፣ እሳቸው እንዳይከፋቸው ብለሽ ትወድቂያለሽ?"

ዓለምጌጥ ስለ ክረምት ልብስ ጠይቃት ዘጋች።

ቅዳሜ ደረሰ። ካሌብ እየነዳ፣ ጋሽ እንግዳ በመኪና ከኋላው እየተከተሉ መጡ። የሞተሩ ድምፅ አፓርታማውን ሁሉ ወደ ፓርኪንጉ አወጣው። ቁልፉን ገና ሳትቀበል ተራ ተያዘ። አንዱ መጀመሪያ እኔን ዙሪያውን አዙሪኝ ይላል፤ ሌላዋ ሥራ ስታረፍድ ታደርሳት እንደሆነ ትጠይቃለች። እማማ አየለች እንኳ ነጠላቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረበ፣ እሑድ እሑድ የኮሮላዋ የፊት ወንበር ባለቤት ናቸው።

"ይኼስ ቤተክርስቲያን ያደርሰኝ ይሆን?" አሉ። ሰው ሳቀ።

ዓለምጌጥ ላይ ግን ኮሮላዋ በሁለት ጎማ ተመልሳ መጣችባት።

ሞተሩ ላይ ወጣች። ከመቆሚያው ልታቃናው መሪውን ወደ ራሷ ሳበች። በሬው ቀና አለ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ጎን ማዘንበል ጀመረ። የጫማዋ ጫፍ ምን ሊይዝ? ቀስ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው ወደቀ። እሷ እንደተማረችው ዘላ ወረደች። አልተጎዳችም፤ አንዱ ስፖኪዮ ግን እንክትክቱ ወጣ።

"እግዜር አተረፈሽ!" ተባለ። ወንዶቹ ተረባርበው ሞተሩን አነሱት። ጋሽ እንግዳ ወንበሩን በእጃቸው እያራገፉ፣ "ምንም አይደል፤ ትለምጂዋለሽ" አሉ።

"አልገዛውም" አለች።

ቀስ ብላ ስለተናገረች አልሰሟትም። ደገመችው።

"አልገዛውም ጋሼ። ይከብደኛል። ካሌብ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ስፖኪዮውን እኔ አሠራዋለሁ። ያን ቀን ጥሩ ነው ያልኩት ምሳችሁን በልቼ አይሆንም ማለት አፍሬ ነው።"

"እንግዲያው ቀለል ያለ እንፈልግልሻለን። ወንበሩ ብቻ..." አሉ ጋሽ እንግዳ።

"ወንበሩንም አልፈልገውም።" አለች። "ሰው የማይቀመጥባት ነው የምፈልገው። መኪናዬ እንደሆነች አለች፤ እሑድም እወስዳችኋለሁ፣ ሐኪም ቤትም እወስዳችኋለሁ። ሞተሯ ግን የብቻዬ ናት።"

ከኋላ አንድ ሰው "ፈረንጅ ሆነች በቃ" ሲል በደንብ ሰማችው፤ አመማት። ካሌብ ደጉ "ኖ ፕሮብሌም እህቴ፣ ሌላ ሰውም ጠይቆኛል" ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ጋሽ እንግዳ ቻው ሳይሉ ሄዱ። እማማ አየለች ደግሞ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። ከሁሉም የጎዳት የእሳቸው ዝምታ ነው። በማግስቱ እሑድ እንደ ወትሮው ከፊት ተቀመጡ፤ እስከ ቤተክርስቲያን ድረስ ግን መስኮቱን እያዩ ሄዱ።

ትንሿን ጥቁር ሞተር ገዛቻት። ጋሽ እንግዳ ኩርፊያቸውን አንድ ሳምንት ይዘው ቆዩና ደወሉ። "ጎማዋን አስነፍተሻል?" አሉ፤ ሰላምታም ይቅርታም እሱ ነው። እሷም አስነፍቻለሁ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለቻቸው።

ቅዳሜ በማለዳ ወደ ዋይት ሮክ ሐይቅ ሄደች። ምንም የተለየ ነገር አልገጠማትም። ሐይቁን ቀስ ብላ ዞረችው፤ አንድ ቦታ አቁማ ዳክዬ አየች፤ ለሄቨን ያላለቀሰችውን ለቅሶም እዚያው ጨረሰችው። የሚያባብላት ሰው ስላልነበረ ቶሎ ወጣላት። ደስ ብሏት ተመለሰች።

ስትደርስ እማማ አየለች ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመው አገኘቻቸው። ሞተሯን ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

"ወንበሯ ይኼው ነው?"

"ይኼው ነው፣ እማማ።"

"ሌላ የላትም?"

"የላትም።"

አሮጊቷ ወንበሯን በመዳፋቸው ዳበሷት። "ያን ቀን ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ መስሎሻል" አሉ። "ቀንቼብሽ ነው። ስምንት ልጅ አሳደግሁ፤ ባሌን አስታምሜ ቀበርኩ፤ አሁንም ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው የምተኛው። ክፉ አላየሁም፣ ተመስገን ነው። ብቻዬን የተቀመጥኩበት ቦታ ግን፣ ልጄ፣ ባስበው ባስበው አጣሁት።"

ዓለምጌጥ እጃቸውን ያዘች።

"እስቲ ላይዋ አውጪኝ" አሉ።

ቁልፉን ነቀለች፤ መቆሚያውን አረጋገጠች፤ ቀሚሳቸውን ሰብስባ ደግፋ አወጣቻቸው። ሞተሯ ዝቅ ያለች ናትና የእማማ አየለች ተረከዞች ሁለቱም መሬት ረገጡ። እጃቸውን ዘርግተው መሪውን ጨበጡ።

"ይዤዎታለሁ፣ አይዞዎት" አለች ዓለምጌጥ።

"አይ፣ አትያዢኝ። ወደዚያ ሂጂልኝ።"

"እ?"

"ሂጂ በቃ። ትንሽ ብቻዬን ልሁንባት።"

ዓለምጌጥ ሄዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ያቺ የዋልማርቷ ጎረቤት ዘንቢሏን ይዛ ከላይ ወረደች። እማማ አየለችን ሞተር ላይ ስታይ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ዓለምጌጥ ቀሚሷን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

"ዋልማርት እወስድሻለሁ" አለቻት በሹክሹክታ። "ግን መጀመሪያ እማማ እስኪወርዱ እንጠብቃለን።"

ሁለቱ ደረጃው ላይ ሆነው ጠበቁ። እማማ አየለች ግን አልቸኮሉም።