ነጠላ የመረመረው መሣሪያ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ከአንድ ፎቅ ላይ የተንጠለጠለ ባነር አየሁ። «ያለ ደም፣ ያለ መርፌ፤ በሰውነትዎ የተከማቸ እርሳስና ሜርኩሪ፣ የጎደለዎት ዚንክና ካልሲየም በአንድ ደቂቃ ይታወቃል» ይላል። ከሥሩ ነጭ ጋዋን የለበሰ ጎረምሳ ቆሞ «ጋሼ፣ ይግቡ፣ ምርመራው በነፃ ነው» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁትና አለፍኩ። ምራቄን ያልተፋሁት እናቴ በጨዋ ደንብ ስላሳደገችኝ ብቻ ነው።

እኔ ይህን ጉድ የማውቀው ከኮሌጅ ከወጣሁበት ክረምት ጀምሮ ነው። እናቴ ጃጁራ ላይ ቆጮና ቅቤ እየነገደች ነበር ያስተማረችኝ። በዚያ ዓመት አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት እየገፋ መጣ፤ ሐኪሞቹም ሳይብስበት በቀዶ ሕክምና ይውጣ ብለው ከመስቀል በኋላ አዲስ አበባ ቀጠሮ አስያዙላት። ቢላዋ ትፈራለች። ያም ሆኖ ስለምንና ስቆጣ ከርሜ እሺ አሰኝቻታለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ነበረች፤ ስትዘምር መንገደኛ ቆሞ ይሰማት ነበር። እኔ የፈራሁት እንቅርቱ ያንን ድምፅ እንዳይነካባት ነው።

አጎቴ፣ ማለትም የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ሆሳዕና ውስጥ ባዮሎጂ ያስተምራል። የሰውን አካል በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስል የኖረ ሰው ነው፤ ግን ላፕቶፕ ሲያይ እንደ ሕፃን አፉን ይከፍታል። እሱ ነው አንዱን «ዶክተር» ከአዲስ አበባ አምጥቶ ሳሎኑ ውስጥ ያስቀመጠው። የምን ዶክተር እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሰውየው ከላፕቶፑ ጋር በገመድ የተያያዘ አንድ አጭር ብረት ያስጨብጣል፤ ደቂቃ ሳይሞላ የከባድ ብረት ክምችት፣ የማዕድን እጥረት፣ የጉበት ድካም እየተባለ ይነበባል። ከቦኖሻ የመጡ አንድ ሽማግሌ የማሕፀን ችግር ተገኘባቸው። ዶክተሩ ፆታ ሲሞላ ተሳስቶ ነው ተብሎ ተሳቀና ተራው ቀጠለ። ይህን ሰምቶ ተነስቶ ወደ ቤቱ የሄደ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁ።

እናቴ ከገበያ በቀጥታ፣ በጭቃ መንገድ ስትንገላታ ደረሰች። እጇ ቆጮ ቆጮ ይሸታል። እንዲህ ሲሆን አገሩ እንደሚያደርገው ለሁሉም የእጇን አንጓ እየዘረጋች ሰላም አለች። ብረቱን ሲሰጧትም የሰው ዕቃ ላለማቆሸሽ የነጠላዋን ጫፍ አጠፈችና በሁለት እጇ፣ በነጠላው ላይ ተቀበለች። ዶክተሩ ዓይኑ ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ቀና ብሎም አላያት።

«እማማ፣ ይሄ እንቅርት አይደለም» አላት። «የእርሳስ ክምችት ነው። ቆጮ መሬት ውስጥ ስለሚቀበር እርሳስ ይስባል። ቆጮ ያቁሙ፣ ይሄንን ሽሮፕ ይጠጡ፣ ይሟሟል።»

«ቢላዋ የለውም?» አለች እናቴ።

«ምንም።»

ፊቷ ሲበራ አየሁ። «ጋሼ፣ ብረቱ እኮ እጇን አልነካም» አልኩት አጎቴን። «ነጠላዋን ነው የመረመረው።»

አጎቴ ተማሪ እንደሚገሥጽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጨረሩ ልብስ ያልፋል። ባልገባህ ነገር አትግባ» አለኝ። ባዮሎጂ መምህር ነው፣ ልብ በሉ። ሰዉም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እናቴ ጭራሽ፣ «ታዲያ ልብስ አልፎ ካየ የበለጠ ጎበዝ ነው ማለት ነዋ» አለች።

ምሳ ቀረበ። ቆጮ በክትፎ ነበር። ዶክተሩ መሬት ውስጥ የተቀበረውን እርሳስ ጣቱን እየላሰ በላና አስጨመረ። ከዚያ ወዲህ የብዙ ዓይነት ሰው ሆዳምነት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያቅለሸለሸኝ ግን የለም።

መስቀል መጣ። ቤታችን በቅቤ የራሰው የቡላ ምግብ፣ አታካና፣ ተሠራ፤ እናቴ ግን ቡላ ከእንሰት ነው ብላ አልቀመሰችም፤ ሽሮፗን ትጠጣለች። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ሻንጣዋን አዘጋጅቼ በር ላይ ቆምኩ። «እየሟሟ ነው፣ ይታወቀኛል» አለችኝና ቀረች። አጎቴ ይህን ሲሰማ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ቆሞ ምስክርነት ሰጠ። እንቅርቱ ግን ከመሟሟት ይልቅ ትንፋሿን መዝጋት ጀመረ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያደረስናት ተጋድማ ነው። ሐኪሙ አውጥቶላት ሲያበቃ፣ ዘግይታችኋል፣ የድምፅ ነርቯን አጣብቆት ነበር አለኝ። ባለ ላፕቶፑ «ዶክተር» የት እንደገባ አልታወቀም። አጎቴ ሊጠይቃት መጥቶ «የጌታ ፈቃድ ነው» አለ፤ የራሱን ሥራ ለጌታ አሸክሞ ብርቱካን አስቀምጦ ሄደ።

ባነሩን ያየሁ ዕለት ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «ተዋቸው ልጄ፣ እነሱም እንጀራቸው ነው» አለችኝ። እንዲህ ናት፤ ሁሉንም ይቅር ብላለች። እኔ አላልኩም፤ ለማለትም አላሰብኩም። ብረት አስጨብጦ በሽታ የሚያነብን ሌባ እንቀዋለሁ፤ ተምሬያለሁ እያለ ወንበር የሚያቀርብለትን ደግሞ ከሌባው አብልጬ እንቀዋለሁ።

ቁጣዬን እንዳልጨረስኩ ስልኳ ጠራ። ከባንክ አንዲት ልጅ ነበረች፤ እናቴ «ሃሎ» ስትል በትሕትና፣ «አባባ፣ እናታችንን ያገናኙኛል?» አለቻት።

«እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ» አለች እናቴ።