የአባዬ ዓሣዎች ውኃ

አባዬን ስትሮክ ሲመታው ቀኝ እጁ ሞተ፤ ግራው ግን አልሞተም። ሳሊተ ምሕረት፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቴ አምጥቼ ሳስቀምጠው ያላሰብኩበት ነገር ይህ ነበር። በግራ እጁ ብርጭቆ ይወረውራል፣ በግራ እጁ ከዘራውን ያነሳል፣ ሾርባ ሳጎርሰው ጸጉሬን ይዞ እስኪነቀል ይጎትታል። አንደበቱ ስለተያዘ የሚሳደበውም በእጁ ነው። ድሮም ቢሆን ንግግር አያበዛም፤ ልጅ እያለሁ ቀበቶውን ፈትቶ ነበር የሚመክረኝ። የሚያውቁት ሁሉ "ጭምት ሰው ናቸው" ይሉታል። ጭምትነቱ ለውጭ ሰው ነበር።

የሚያረጋጋው አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ ዓሣ። ኤርፖርት ጭነት ክፍል አብራኝ የምትሠራ ልጅ ቤት ስትቀይር የመስታወት ገንዳዋን ከነዓሣዎቹ ሰጥታኝ ነበር። ዓሣዎቹ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ የስኒ ማስቀመጫ ሰሃን የሚያካክሉ ናቸው። የአባዬን ወንበር ፊታቸው ሳስጠጋለት ከዘራው ከጭኑ ላይ ሳይነሳ ዋለ። ከመካከላቸው አንዱ ትልቅ ዓሣ ደካማዋን ጥግ አስይዞ ክንፏን ይቦጫጭቃታል፤ ምግብ ሲጣልላቸው ያባርራታል፤ ብቅ ካለች ይገጫታል። አባዬ እሱን እያየ ቀኑን ይገፋዋል። ምኑ እንደሚያረጋጋው አልጠፋኝም። ግን ምን ቸገረኝ፣ እኔ ካልተመታሁ እርስ በርስ ይባሉ አልኩ።

ክፉው ነገር ውኃው ነው። እኛ ብሎክ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመሀል የሚሞላልን የጉድጓድ ውኃ ነው። የጉድጓዱ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደ ኖራ ይጋገራል። ዓሣዎቹ በዚያ ውኃ ተራ በተራ እየተገለበጡ መንሳፈፍ ጀመሩ። ለአባዬ ደግሞ ገዳያቸው አንድ ሰው ነው፤ እኔ። አንዷ በሞተችበት ጠዋት ከዘራው ጆሮዬ ላይ አረፈ። ያን ቀን ወደ ሥራ ስሄድ የታክሲው ረዳት "ኢምፔሪያል! ኢምፔሪያል!" እያለ ሲጮህ የሚሰማኝ በአንድ በኩል ብቻ ነበር። ዓሣዎቹ ካለቁ እኔም ማለቄ ነው አልኩ።

ቦሌ የዓሣ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብቼ ነገርኩት።

"እህቴ፣ የሚገድላቸው ጨው ነው" አለኝ ባለሱቁ። "አር ኦ ፊልተር ግጠሚለት። ውኃውን በግፊት ጨምቆ ጨውን ያስቀርልሻል። ግን ካሁኑ እወቂው፣ አንድ ባልዲ ንጹሕ ለማውጣት ሦስት ባልዲ ይደፋል።"

"ይድፋ" አልኩት። ጆሮዬ ገና ይጠዘጥዘኝ ነበር።

የሚገጥምልኝ ባለሙያ "ነገ፣ ነገ" ሲለኝ ትዕግሥቴ አለቀና ከጎረቤት ድሪል ተውሼ ራሴው ጀመርኩት። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ውስጡ ባዶ ብሎኬት ነው፤ ስበሳው ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ ሆኖ ፈረሰ። ሌላ ቦታ በሳሁ፣ እሱም ፈረሰ። በመጨረሻ ማጣሪያውን ወለል ላይ አቁሜ፣ በረንዳ ላይ ካለው ታንከሬ ውኃ እንዲስብ ከትንሽ ፓምፕ ጋር አገናኘሁት። ስከፍተው አንዱ መገጣጠሚያ ተፈናጥሮ አገጬን መታኝ፤ ውኃው ጣሪያ ድረስ ተረጨ። በእርግጫ አልኩት። ማሽን በእርግጫ እንደማይገባው አውቃለሁ፤ እኔን ግን አስተነፈሰኝ። መልሼ አጥብቄ ሳስረው እያጉረመረመ በቀጭኗ ቱቦ ንጹሑን ውኃ እንደ ክር ማውረድ ጀመረ።

የሚደፋውን ውኃ የሚያወጣው ቱቦ ቀረ። የዕቃ ማጠቢያው ፍሳሽ ስለተደፈነ በበረንዳው አውጥቼ የዝናብ አሸንዳ ውስጥ ለቀቅኩት። ማን ያየዋል ብዬ! እኛ ብሎክ ውኃ ፈስሶ የማይታይ ይመስል። እኛ ዘንድ ቧንቧው ገና "ፍስስ" ሲል የሰማ ሰው ደረጃው ላይ ወጥቶ "ውኃ መጣች!" ብሎ ሊጮህ ግዴታው ነው፤ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይሮጣል። ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ከሌባ አይሻልም። ማንም ሳይነገረው የሚኖርበት ሕግ ነው።

ዓሣዎቹ ዳኑ። ቀለማቸው ተመለሰ፤ ያ ጉልበተኛም ብሶበት ደካማዋን ማሳደዱን ቀጠለ። አባዬም ጸጥ አለ። ሳጎርሰው አፉን ይከፍታል፣ ዓይኑ ግን ከመስታወቱ አይነቀልም። እኔም ፊቴን በእጄ ሳልከልል በአጠገቡ ማለፍ ለመድኩ።

በዚያው ሰሞን የጉድጓዱ ፓምፕ ተቃጠለ፤ የቧንቧውም ፈረቃ ቀረና ብሎኩ በሙሉ ደረቀ። እኔ ታንከሬን አስቀድሜ ሞልቼ ስለነበር ማጣሪያው መሥራቱን አላቆመም። አንድ ቅዳሜ በር ተንኳኳ። ምድር ቤት ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ ከወሎ የመጣች፣ ጨቅላ ልጅ ያላት፣ ከሩቅ ውኃ በጀርባዋ ስታመላልስ የሰነበተች ሴት። ባዶ ጀሪካን ይዛለች።

"በአሸንዳው የሚወርደው ውኃ ያንቺ ነው?"

"አዎ።"

"እኛ ውኃ አጥተን ስንንከራተት አንቺ ዝም ብለሽ ቦይ ትለቂዋለሽ? የልጄን ጨርቅ እኮ ማጠቢያ አጣሁ!"

"ጨው ነው እሱ፤ አይጠጣም።"

"ማን ልጠጣው አለሽ?"

እውነቷን ነበር። እውነቷን መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። በትከሻዬ ላይ አሻግራ ገንዳውን አየችው፣ ቱቦዎቹን አየቻቸው።

"ለዓሣ ነው? ወላሂ፣ ለዓሣ ብለሽ ነው?"

"ቤቴ ነው፣ ውኃዬ ነው፤ ውጪልኝ!" ብዬ ደረቷን ገፈተርኳት።

ጀሪካኑን አፌ ላይ አሳረፈችው። ከንፈሬ ሲተረተር ተሰማኝ። ጸጉሯን ያዝኩ፤ እሷም አንገቴ ላይ የነበረውን ፎጣ ጠቅልላ ታንቀኝ ጀመር። ክንዷን ነከስኩ። ተያይዘን ወለሉ ላይ ወደቅን፤ ጉልበቷን ሆዴ ላይ ተከለችው። ትንፋሽ አጠረኝ።

"አባዬ!" አልኩ።

ለምን እንደጠራሁት እንጃ። ልጅ ሳለሁ የሰፈር ልጅ ቢነካኝ የልጁ ቤት ድረስ ሄዶ አባትየውን የሚያንቅ ሰው ነበር። እኔን መምታት የሚፈቀደው ለእሱ ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ ዞረ። ፊቴን አየ፣ ደሙን አየ፣ አንገቴ ላይ ያለችውን ሴት አየ። ግራ እጁ ተነሳ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ መሬት ላይ እየታነቅሁ ደስ አለኝ።

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"እሽሽ" አለን። ከዚያ በዚያው ጣት ገንዳውን አሳየን። ዓሣዎቹ በጩኸታችን ደንግጠው አንድ ጥግ ታጭቀው ነበር። መልሶ ፊቱን ወደ እነሱ አዞረ።

ሴትየዋ ፎጣውን ለቀቀችው። እኔ ግን ተነሳሁ። ከኋላው ስቆም ዞርም አላለም። ማጅራቱ ቀጥኖ፣ ሸሚዙ ሰፍቶበታል፤ እኔው ነኝ ያለበስኩት። እጄ ከራሴ በላይ ተነስቶ ነበር፤ ለመግፋት አልነበረም የተነሳው።

ሴትየዋ የእጄን አንጓ ከኋላ ያዘችው። የነከስኩት ክንዷ እየደማ ነው።

"ተይ" አለች። "አባትሽ ናቸው።"

"አታውቂውም።"

"አላውቃቸውም። ተይ ግን።"

"ሲመታኝ እንኳ ያየኝ ነበር እኮ!" ብዬ ጮህኩ። ልጅ ሆኜ ያላለቀስኩት ሁሉ አንድ ላይ መጣ። "ሲመታኝ እንኳ ያየኝ ነበር!"

አባዬ ሳይዞር ጣቱን እንደገና ከንፈሩ ላይ አደረገ። እጄን ልስብ ሞከርኩ። ጎረቤቴ አለቀቀችኝም፤ በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ "በቃ፣ በቃ በይ እህቴ" እያለች ወደ በሩ ወሰደችኝ።