ከበረንዳ የሚታየው ጫፍ

አጎቴ አርባ ምንጭ ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የገረሴን ተራራ በከዘራቸው ያመለክቱና «ያ ጫፍ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» ይሉኛል።

«ሰሚት» እላለሁ።

«ተሳሳትክ! ከሩቅ የምታየው ፒክ ነው። ሰሚት ወጥተህ የምትቆምበት ነው። አንተ መቼ ወጣህና?»

«አንድ ቀን አብረን እንወጣለን፣ ጋሼ» እያልኩ ዓመታት አሳለፍኩ። እኔ ዝናቡ ያባራ ስል የእሳቸው ጉልበት ከዳቸው።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ተራራ ሥር፣ በተወለዱበት መንደር ቀበርናቸው። መዝሙሩ አልቆ ለቀስተኛው ሲበተን ብቻዬን ወጣሁ። ጫፉ ላይ ቆሜ «ሰሚት!» አልኩ። የዚያን ዕለትስ አልተሳሳትኩም። «ጎበዝ» የሚሉኝ ሰው ግን ታች ቀርተዋል፤ የመቃብራቸው አፈር ገና አልደረቀም።