ባይኖኩላር መራጯ

ሚስቴ ሱቅ ገብቶ የፈለገውን ገዝቶ የወጣ ሰው አላየሁም። ይዞ የሚወጣው እሷ የመረጠችለትን ነው። ሰውየው ገና ከደጃፉ ሳያልፍ ጣቱን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ቀስሮ ያንን ትልቁን ባይኖኩላር፣ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን፣ አውርጂልኝ ይላታል። እሷ እንዳልሰማች ሆና ወንበር ትስብለታለች። ከዚያ ጥያቄው ይዘንባል። ወፍ ልታይበት ነው ወይስ ኮከብ? ጫካ ውስጥ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? የዓይን መነጽር ታደርጋለህ? አንገትህን ያምሃል? እጅህ ይንቀጠቀጣል? ሰውየው ዕቃ ሊገዛ መጥቶ ጤናውን ሲመረመር ይውላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራው ከሱቋ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። የሚለየን መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። አንዳንዴ ትዕግስቴ ያልቅና «አንቺ ሴትዮ፣ ሽጪለትና ይሂድ!» እላታለሁ። እሷ እቴ! ጆሮዋ ላይ ዝንብ ያረፈ ያህል እንኳ አትቆጥረኝም።

ዋናው ፈተና ደግሞ በረንዳው ላይ ነው። ትልቁን አምጪ ብሎ ሙጭጭ ያለውን ሰው ትልቁን ታስይዘውና ፊት ለፊት ካለው ፎቅ አናት አንቴናው ላይ የሚሰፍሩትን እርግቦች እንዲያይ ታዘዋለች። ሰውየው መጀመሪያ ደስታውን አይችለውም፤ እርግቧ አፍንጫው ላይ ያረፈች ይመስለዋል። እሷ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎረቤት ወሬ ትቀጥላለች እንጂ አውርድ አትለውም። ጥቂት ቆይቶ ክንዱ ይዝላል፣ እርግቧም እስክስታ ትጀምራለች። ያኔ ትልቁን ከእጁ ተቀብላ ትንሹን ታስይዘዋለች። «ይኼኛው የሚያጎላው ያንሳል፤ ግን ወፏ ትቆምልሃለች» ትለዋለች። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በዚህ ተናዶ፣ ትንሹን እያጉረመረመ ይዞ ሄዶ ነበር። በኋላ ሚስቱን አስከትሎ መጣ፤ ለካ ባይኖኩላሩን እየተሻሙ ትዳራቸው ሊፈርስ ደርሶ ሁለተኛ ሊገዙ ነው።

ኮከብ ተመልካቾቹን በሌላ መንገድ ነው የምትይዛቸው። የፊቱ መስታወት ሰፊ ከሆነ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፣ ይህ እውነት ነው ትላለች። ነገር ግን ዕድሜው የገፋ ሰው የዓይኑ ብሌን በጨለማም ቢሆን እንደ ወጣትነቱ አይከፈትም። «የተረፈው ብርሃን ከዓይንህ ውጪ ነው የሚፈስሰው፤ ታዲያ ለምን ትሸከመዋለህ?» ብላ መካከለኛውን ትሰጠዋለች። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ሳይገዛ ጨረቃን አያለሁ የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ እንደ ልጅ ትቆጣዋለች። ማንጠልጠያው የእኔ ድርሻ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ቀጭን ጥብጣብ አንገት ይቆርጣል፤ እኔ ግን ሰፊ አድርጌ፣ ጀርባ ላይ አጣልፌ፣ ክብደቱ ትከሻ ላይ እንዲያርፍ እሰፋዋለሁ። ከባይኖኩላሩ ይልቅ ማንጠልጠያውን የሚያወድሱ ደንበኞች አሉ። ስማቸውን አልጠራም እንጂ ሚስቴ አትወዳቸውም።

በመጨረሻ ቀለበቱን ታስተምራለች። በቀኝ ዓይን በኩል አንዲት ትንሽ ቀለበት አለች፤ የሰው ሁለት ዓይን እኩል ስለማያይ ልዩነቱ የሚስተካከለው በእሷ ነው። ቀኝህን ጨፍነህ በመሐለኛው መዘውር ግራህን ታጠራለህ፣ ከዚያ ግራህን ጨፍነህ በቀለበቷ ቀኝህን። ይህን ሳያውቅ ከሱቋ የወጣ ሰው የለም። የአገሩ ወፍ ተመልካች ሁሉ «ዓይናማዋ» ይላታል። እሷም ስሙን አትጠላውም።

ችግሩ የተጀመረው ባይኖኩላር የሚያቀርብልን አስመጪ አዲስ ዕቃ ባመጣልን ሰሞን ነው። እሷ እያንዳንዱን ከካርቶኑ አውጥታ በረንዳ ላይ ሳትሞክር መደርደሪያ ላይ አታወጣም። ያን ጊዜ አንዱን ቀኙ ደብዛዛ ነው ብላ መለሰችው። በሚቀጥለው ጊዜ ግማሹን መለሰች። ከዚያ በኋላማ የምትመልሰው ከምታስቀረው በለጠ። አስመጪው ትሑት ሰው ነው፤ ፋብሪካው ያው ነው፣ ዕቃውም ያው ነው እያለ ይለማመጣታል። እሷ ደግሞ ፋብሪካው ሰንፏል፣ እኔ በስሜ ቆሻሻ አልሸጥም ትለዋለች። መደርደሪያው እየሳሳ ሄደ። ደንበኛ ይመጣል፣ የሚሆን ዕቃ የለም ይባላል፣ ይሄዳል። እሷም ለሰው አልሆን ያለ ዕቃ ከመሸጥ ሱቁን እዘጋለሁ ማለት ጀመረች። ይህን ስትል ቀልድ እንዳልሆነ ድምጿ ይናገራል።

እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው። አንድ ቀን ብድግ ብዬ አስመጪው መጋዘን ሄድኩና በሠራተኞቹ ፊት ልክ ልኩን ነገርኩት። ሌላው ጋ ያልተሸጠውን ውራጅ እኛ ላይ ትጥላለህ አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ አንተ ራስህ አይተህበታል?» ብቻ አለኝ። እኔ ምን አገባኝ? እሷ ተበላሽቷል ካለች ተበላሽቷል። በእኛ ቤት ይሄ ሕግ ነው። እንዲያውም ጥያቄው አናዶኝ እየተመናጨቅሁ ወጣሁ።

ከዚያ እሑድ ጠዋት እንደ ልማዳችን ኩሬው ዳር ወፍ ልናይ ሄድን። አብረውን የነበሩት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የሚስቴ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እሳቸው ነበሩ። አንገታቸው ላይ አዲስ ባይኖኩላር አንጠልጥለዋል። እኛ ሱቅ ዕቃ ቢያጡ በቀጥታ ከአስመጪው ገዝተው ኖሯል፤ ጥፋት ያጠፉ ይመስል ሲያፍሩ ነበር። ሚስቴ ተቀበለቻቸውና ቄጤማው መሐል የቆመ አንድ ሽመላ ላይ አነጣጠረች። መዘውሩን አዞረች፣ ቀለበቱን አዞረች፣ መስታወቱን ጠረገች፣ ደግማ አዞረች። ከዚያ አንገቷን ነቅንቃ እርስዎንም አታለሉዎት አለቻቸው። እሳቸው የላባውን ጫፍ ሳይቀር ጥርት አድርጌ አያለሁ እኮ ልጄ ቢሏት አልሰማቻቸውም፤ ባይኖኩላራቸውን መልሳ፣ ዳክዬ አይታ ወደ ፊት ሄደች። አዋላጇ ባይኖኩላሩን ለእኔ ዘረጉልኝ።

አየሁ። ሽመላው በዚያ ቢጫ ዓይኑ አፍጥጦብኛል። ግራዬን ጨፈንኩ፣ ቀኜን ጨፈንኩ፤ እንከን የለውም። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ» ብዬ መለስኩላቸው። እሳቸው ግን ለስንቱ ባል ስንት ወሬ ያበሠሩ፣ ለስንቱም መርዶ የነገሩ ሴት ናቸው። ፊቴን አንድ ጊዜ አይተው ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝና ሄዱ።

ቤት ስንደርስ እሷ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ የራሷን ባይኖኩላር አነሳሁ። የማንም እጅ እንዲነካው አትፈቅድም፤ ጎማው ተልጦ በቆዳ የጠገንኩላት አሮጌ ነው። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁበት። በግራ በኩል መንገዱ ቁልጭ ብሏል፤ በቀኝ በኩል ጉም ነው። ቀለበቷን ብመለከት መዞር እስከምትችለው ድረስ ዞራ አልቃለች። ወደ መሐል ስመልሳት ለእኔ ዓይን ጠራች። ያኔ ገባኝ። ሚስቴ ስንት ዘመን ያቺን ቀለበት ጥቂት በጥቂት እያዞረች ቀኝ ዓይኗን ስትከተል ኖራለች፤ አሁን ቀለበቷ አለቀች፣ ዓይኗ ግን መሄዱን አልተወም። ቀለበቷን ወደ ነበረችበት መልሼ ባይኖኩላሩን ቦታው አስቀመጥኩት። ፈራሁ።

የፈራሁት በአክስቷ ምክንያት ነው። እሷን ያሳደጓት አክስቷ ናቸው፤ በሕክምና ብዛት አንድ ዓይናቸው ጠፍቶ ነው ያረፉት። ሚስቴ ደንበኞቿን ዓይናችሁን ታዩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ እያለች ስትልክ ትውላለች፤ ራሷ ግን በዚያ ፍርሃት የዓይን ሐኪም ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ነግሬአት ቢከፋትስ? ባልነግራት ደግሞ ደህናውን ዕቃ ሁሉ እየመለሰች ሱቋን በገዛ እጇ ልትዘጋው ነው። ዓይኗም እያየሁት ሊጠፋ ነው። በነጋታው ሱቅ ሳይከፈት መጋረጃውን ገልጬ ገባሁና የደንበኛውን ወንበር ወደ በረንዳው ሳብኩላት።

«ግራ ዓይንሽን ሸፍኚ» አልኳት።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«ሸፍኚ እንጂ። እርግቦቹ የት ጋ ናቸው?»

እየሳቀች በመዳፏ ሸፈነች። ወደ ፎቁ አናት አየች። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። መዳፏን አነሳች፣ እርግቦቹን አየች፣ መልሳ ሸፈነች። ደጋገመችው።

«ዕቃው ደህና ነበር» አለች።

ዓይኔ አላለችም፤ በቅድሚያ ያሳዘናት ዕቃው ነው። ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። በኋላ ስናወራ እንዴት እንዳመለጣት ራሷ ነገረችኝ። በእነሱ ሙያ ምስል ሲደበዝዝ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ዕቃው ነው። መስታወቱን ትጠርጊያለሽ፣ ቀለበቱን ታዞሪያለሽ፣ ውስጡ የላላ ነገር እንዳለ ነቅንቀሽ ትሰሚያለሽ። የሚያየውን ዓይን የሚጠረጥር የለም። በቀረው ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ዓይን ስለሚከፈት ግራው የቀኙን ገመና ሸፍኖ ኖሯል።

እንባዋን ጠርጋ መጀመሪያ ያደረገችው ለአስመጪው መደወል ነው። ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም፣ የዓይኔ ነው፤ ስም ስላጠፋሁ ይቅርታ አለችው። ሰውየው የመለሰችለት ሁሉ ተሸጦ እንዳለቀና አንድም ገዢ እንዳልመለሰው ነገራት፤ ነገሩ እንዳያሳፍራት ብሎ ነው መሰል ሳቅ ብሎ ነው የነገራት። ወዲያው እኔን ቁጣህን አብርደህ ልብስህን ልበስ፣ ሐኪም ጋ እንሄዳለን አለችኝ። ማን እንደ ተቆጣ እንጃ።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ መረመረቻት። የዓይን ሞራ ነው አለች፤ የነገሩኝ የአክስትዎ ሕመም ሌላ ሳይሆን አይቀርም፣ ይኼኛው ይድናል አለቻት። ሚስቴ እጄን አጥብቃ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ሐኪሟ የደፈረሰውን አውጥተን በቦታው አዲስ ሌንስ እናስገባለን ስትል ግን ቀና አለች። የምን ሌንስ? ከምን የተሠራ? ብርሃን እንዳይመልስ ሽፋን አለው ወይ? ውስጥ ገብቶ አይላላም? ፍርሃቷ የት እንደ ገባ አላውቅም፤ እዚያው ሱቋ ውስጥ ደንበኛ ፊት የቆመች እስኪመስለኝ ሐኪሟን አፋጠጠቻት። ልጅቷ ሳቋ መጥቶ አንዱን ናሙና ከመሳቢያ አውጥታ አሳየቻት። ሚስቴ በግራ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ይዛ አየችውና ንጹሕ ሥራ ነው አለች። እኔ በዚህች ደቂቃ እንደምትድን አወቅኩ።

ከዚያ ሐኪሟ አንድ ምርጫ አለ አለቻት። ሌንሱ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ወይ ሩቁን ነው ወይ ቅርቡን፤ ለቀረው የዓይን መነጽር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ለሩቅ ነው አለች። ይኼ ምን ይጠየቃል? እኔ ጣልቃ ገብቼ ለሩቅ ነው እንጂ፣ ወፍና ኮከብ ስታይ ነው የኖረችው አልኩ። ሚስቴ ጉልበቴን ተጫን አድርጋ ዝም አሰኘችኝ።

«ለቅርብ ይሁንልኝ» አለች። «ሩቁን ሳይ ምንጊዜም እጄ ላይ ዕቃ አለ። ቅርቡን ግን በባዶ ዓይኔ ማየት ነው የምፈልገው።»

ሐኪሟ እየጻፈች ቅርብ የሚያዩት ምን ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ሌንስ እጠርጋለሁ፣ ብሎን እፈታለሁ» አለች ሚስቴ። ትንሽ አሰበችና በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «እሱም አለ።»

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ።

ቀዶ ሕክምናው ሰላም ሆነ። በማግስቱ ፋሻውን ሲያነሱላት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ሐኪሟ ግራዋን ሸፍና፣ በፊደላት የተሞላ ካርድ አንስታ ፊቷ ላይ ልትይዝላት ስትል ሚስቴ ካርዱን ገለል አደረገችው። ኮሌታዬን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችኝ። ግንባሬን አየች፣ ጉንጬን አየች፣ በጣቷ ጢሜን ገለጥ ገለጥ አደረገችው። አፍሬ ፊቴን ላዞር ስል ቁም አለችኝ።

«እንዲህ ካየሁህ ቆይቻለሁ» አለች። «አርጅተሃል እኮ፣ የኔ ጌታ።»

አንቺም ብትሆኚ ልላት ነበር፤ ግን ፊቴን ይበልጥ ጠጋ አደረግሁላት። እሷም ኮሌታዬን አልለቀቀችም።