ከድንጋዩ ማዶ ያለችው ዓይን

በሃምሳዎቹ ዓመታት ለመምህርነት ሞላሌ ስመደብ፣ አዲስ አበባ ካቶሊኮች ዘንድ የተማረ ጓደኛዬ የሰጠኝን አንድ የታተመ ሥዕል ይዤ ሄጄ ነበር። እመቤታችን በዋሻ አፍ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ ከሥሯ ምእመናን ተንበርክከዋል። ለደብሩ አለቃ ባሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፤ መልሰው አድርገውም አዩት።

«ልጇን የት ጥላው ነው?» አሉኝ።

«እነሱ እንዲህም ይስሏታል፣ አባ።»

«ተወው። ለመሆኑ ዋሻ ያለው ፈረንጅ ብቻ ነው?»

እውነታቸውን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ጠበል የሚፈልቅበት ዋሻ ነበረን፤ ዝናብ ሲመጣ በጎች ይጠለሉበታል እንጂ ከጠበሉ ሌላ ጥቅም አልነበረውም። አለቃ አስጠረጉትና ከአንኮበር በኩል ሠዓሊ አስመጡ። ሠዓሊው ግድግዳውን በኖራ ለቅልቆ እመቤታችንን ከነልጇ ሲስል፣ እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ቀለም እበጠብጥለት ነበር።

ቀለሙንም የሠዓሊውንም ቀለብ የቻሉት አንዲት ባለጸጋ ባልቴት ናቸው። ስለዚህ እንደ ወጉ ከሥዕሉ ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ሊሳሉ ሆነ።

«እኔ እንደ ቆዳ ተዘርግቼ?» አሉ። «ፊቴ ካልታየ እኔ መሆኔን ሰው በምን ያውቃል?»

«እንግዲያው ተንበርክከው ልሳልዎት፣ እሜቴ።»

ተስማሙ። ግን ካባው ይስፋ፣ ጉትቻው ይተልቅ፣ የአንገት ንቅሳቱ አንድም እንዳይቀር እያሉ በየቀኑ ሲያዝዙ፣ ፊታቸው እየተገፋ እየተገፋ ግድግዳው የሚያልቅበት የዓለቱ ጠርዝ ላይ ደረሰ።

በምረቃው ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ እልልታው መሐል ላይ ቆመ። እሜቴ ባለ አንድ ዓይን ሆነዋል! በአገራችን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ይሁዳና ሰይጣን ናቸው።

«አንተ! ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?»

«አለ፣ እሜቴ። ቦታ ስላነሰ ከድንጋዩ ማዶ ነው። ዞር ብለው ይዩት።»

ዞሩ። እኛም ተከትለን ዞርን። ከማዶ፣ ጨለምለም ካለው ጥግ፣ አንድ ትልቅ ዓይን ከነቅንድቡ አፍጥጦ ያየናል። አንዱ ዲያቆን ሳቁን ለመደበቅ ከበሮውን መታ፤ ሕዝቡም ወረብ የተጀመረ መስሎት አጨበጨበ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዉ እመቤታችንን ተሳልሞ ሲያበቃ ወደ ማዶ ዞሮ ለእሜቴም ዓይን እጅ መንሣት ጀመረ። ዓይኑን የሚያመው ሁሉ እዚያ ሆኖ በጠበሉ ይታጠባል። አለቃ ተቆጥተው፣ «የእሜቴ ዓይን ታቦት አይደለም!» እያሉ ገዘቱ።

አንድ ሰሞን የኔም ዓይን ቀላ። ግራ ቀኝ አይቼ ተደብቄ ብገባ፣ አለቃ ራሳቸው እዚያው ጥግ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ይታጠባሉ።

«ነገሩን ልመረምር ነው የመጣሁት» አሉ፣ ውሃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ።

«እኔም እንደዚያው ነኝ፣ አባ።»

በማግስቱ አለቃ፣ ሰዉ እጅ መንሣቱ ካልቀረ ለመልአክ ይሁን ብለው ሠዓሊውን አስጠሩት። የማዶውን ዓይን ክንፍ ባለው ኪሩብ ውስጥ አስገባው፤ የእሜቴን ግማሽ ፊት ደግሞ ነጠላ አለበሰው፣ እንደሚያለቅስ ሰው። እሜቴ ሊቆጡ መጥተው ቆመው ቀሩ። ባላቸው ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላም ነበር።

«እንዲህ ሆኜ እንደማለቅስ ማን ነገረው?» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በርጩማ አስይዘው ይወርዳሉ። እንግዳ ሲመጣ ተነሥተው፣ «ይህች ተንበርካኪ እኔ ነኝ» እያሉ ሥዕሉን ራሳቸው ያስጎበኛሉ።