አክስቴ ቶአካሴ በአድናቂዎች ከተማ

«ጀልባው ጥሎኝ ሄደ ከወደቡ ማዶ፣
ልቤም... እምም... እምም... እምም... ነዶ።»

አክስቴ ቶአካሴ የዘፈኑን መጀመሪያና መጨረሻ እንጂ መሐሉን አታውቀውም። ደሴታችን ቫቫኡ ላይ፣ ሰሌን ከሚታቱ ሴቶች ጋር ተቀምጣ ስትውል፣ የጎደለውን ቦታ ባሰኛት ትሞላዋለች፤ አንድ ቀን ልቧ እንደ ሻማ ይነዳል፣ ሌላ ቀን እንደ ኮኮናት ልጣጭ። ያን ቀን ግን ብሪዝበን ከተማ፣ ትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ፣ ክንዴን ጨብጣ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ስትወጣ፣ ባዶውን ቦታ ባዶውን ተወችው። ደረጃው በራሱ ስለሚሄድ ይመስለኛል። ሰው በእግሩ ካልረገጠ ዜማም አይገጥምለትም።

የመጣነው ለታናሽ እህቴ ለሉሴያኔ ነው። ሉሴያኔ ብሪዝበን ውስጥ ነርስ ናት፤ ክሬግ የሚባል የአገሩን ልጅ ወዳለች። ማታ የክሬግን እናትና አባት ለመጀመሪያ ጊዜ እራት ላይ ልናገኛቸው ነው። አባቴ ሳሚሶኒ አዲስ ሸሚዝ ይዟል፤ እኔ ለትርጉም መጥቻለሁ፤ አክስቴ ደግሞ ሰሌኑን ተሸክማለች።

ሰሌን ስል እግር የሚጠረግበት እንዳይመስላችሁ። ይህ እንደ ነጠላ የሚታጠፍ፣ ዳሩ በቀይ ላባ የተዘመዘመ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የጠዋት ባሕር የሚመስል ነው። የአክስቴ እናት ጀምራው ሞተች፤ አክስቴ ጨረሰችው። የልጅቱ ወገን ለልጁ እናት ሰሌን በእጁ ካልሰጠ፣ ዝምድናው በእኛ ዘንድ ገና አልተወለደም። አክስቴም ለዚህ ነው ባሕር ተሻግራ የመጣችው፤ ሰሌኑን ለክሬግ እናት በእጇ ልታስረክብ።

አስቸጋሪው ነገር አክስቴ የአባቴ እህት መሆኗ ነው። በእኛ አገር የአባት እህት ከአባት ትበልጣለች። ተቀመጥ ካለችው ይቀመጣል፤ ዝም ካለችው ዝም ይላል። ግዙፉ አባቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፁ ጣሪያ የሚነቀንቀው አባቴ፣ እሷ ፊት ሲቆም እጁን የሚያደርግበት ይጠፋዋል። ስለዚህ አክስቴ ስትሳሳት የሚያርማት ሰው የለም። በዚህም ምክንያት ተሳስታ አታውቅም።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ዘንድ ሰው የሌላውን ንብረት ደፍሮ አያደንቅም። «ጀልባህ ታምራለች» ያልኸው ጎረቤት መቅዘፊያውን አስረክቦህ ይሄዳል፤ አንተም ቆይቶ አሳማህን «ወፈረ» እስኪልልህ ድረስ እንቅልፍ የለህም። ስለዚህ የምንዋደድ ሰዎች በዝምታ ነው የምንዋደደው። ወዳጅህ አዲስ ቤት ሲሠራ ገብተህ ጣሪያውን አይተህ፣ ስለ ዝናብ አውርተህ ትወጣለህ። ፍቅር ማለት ይኸው ነው።

የብሪዝበን ሻጮች ግን ይህን አልሰሙም።

መጀመሪያ የገባንበት ጫማ ቤት ነበር። አንዲት ቀጭን ልጅ ተንበርክካ አክስቴን ጫማ ስታስሞክር ቀና አለችና፣ ጸጉሯ ላይ የተሰካው ማበጠሪያ እንዴት እንደሚያምር ነገረቻት። ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ነው። አክስቴ ከጸጉሯ ነቀለችና ሰጠቻት። ልጅቷ አልቀበልም አለች፤ አክስቴም የእኛ ሰው ለወጉ እንደሚግደረደረው መሰላት፣ እጇን ጨብጣ አስያዘቻት። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ ደንበኛን ማስከፋት እንደማይገባ በጆሮዋ ነገራትና ማበጠሪያው ቀረ።

ሽቶ ቤት፣ ጢሙን አሳምሮ የተከረከመ ሻጭ ማራገቢያዋን አደነቀ። ሄደ። ጨርቅ ቤት፣ የዛጎል ጉትቻዋን አደነቁላት። ሄደ። ቦርሳ የሚሸጠው ወጣት ደግሞ ፈገግታዋ ልብ እንደሚያሞቅ ነገራት። አክስቴ ትንሽ ተቸገረች፤ እሱን የምታስረክብበት መንገድ የለማ። በመጨረሻ ሁለት ጊዜ ፈገግ አለችለትና ወጣን።

ከአዳራሹ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ስንል ጸጉሯ ተበትኖ፣ ጆሮዋ ባዶ ሆኖ፣ ሰሌኑን ብቻ ታቅፋ ነበር። የሚያልፈውን ሰው በሐዘን ታያለች።

«ምስኪኖች» አለች። «እንዲህ ለብሰው፣ እንዲህ ተቀብተው፣ ማበጠሪያ እንኳ የላቸውም።»

«እትዬ፣ እነሱ እኮ...» አለ አባቴ።

«እነሱ እኮ ምን?»

«እነሱ እኮ... ቆመው ስለሚውሉ ይደክማቸዋል።»

አባቴ ወዲያው እኔን ወደ ጎን ጎተተና፣ የሻጭ ምስጋና የሥራው አካል እንደሆነ እንድነግራት ለመነኝ። እኔ እሱ ወንድሟ እንደሆነ አስታወስኩት። እሱ ደግሞ እኔ ሴት ስለሆንኩ ብሳሳት ይቅር እንደምባል ነገረኝ። ሁለታችንም ዞር ብለን አየናት። ከዚያ አባቴ ሄዶ በሕይወቱ ካደረጋቸው ሁሉ ብልሃት የሞላበትን ነገር አደረገ፤ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ገዝቶ መጣ። ዝናብ ሊመጣ ነውና ሰሌኑን እንሸፍነው አላት። ሰማዩ ላይ የደመና ቁራጭ አልነበረም። አክስቴ ሰማዩን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ከዚያም ፈቀደች። ወንድም ስለ አየር ጠባይ ቢዋሽ አትቆጣውም።

ከዚያ ወዲያ ማንም አላደነቃትም። የቆሻሻ ከረጢት የታቀፈች፣ ጸጉሯ የተንጨባረረ አሮጊት ማን ያደንቃል? አባቴ ያን ከሰዓት በኋላ እያፏጨ ሄደ።

ምግብ ቤቱ ወንዙ ዳር ነው። ውሃው ላይ የምሽቱ ብርሃን ይንከላወሳል፤ ሉሴያኔ በር ላይ ጠብቃን፣ የክሬግ ወላጆች መንገድ ላይ እንደሆኑ ነገረችን። አባቴ ቸኩሎ ሊያስገባን ሲል አክስቴ ደፉ ላይ ቆመች።

«በቆሻሻ ከረጢት ልጄን ልድር?» አለችው።

ከረጢቱንም ገፍፋ ጣለችው። ሰሌኑ በክንዷ ላይ ወረደ፤ ላባው በወንዙ ንፋስ ተነሣ። ያን ጊዜ የምትቀበለን አስተናጋጅ መጣች፤ ደረቷ ላይ ቴጋን የሚል ስም ተለጥፏል። ሰሌኑን አየችና ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ፣ እንዴት ያምራል» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። አክስቴ ሳታቅማማ ስትሰጥ ኖራለች፤ ያን ጊዜ ግን እጇ ሲዘገይ አየሁ። የእናቷ ጣቶች ያለፉበትን ዳር በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ዳሰሰችው። ከዚያ ዘረጋችላት።

«ያንቺ ነው፣ ልጄ» አለቻት በእኛ ቋንቋ፤ ሳልተረጉመው ቴጋን ቀደመችኝ።

«እሺ፣ እኔ አለሁ፣ ለሱ አያስቡ» አለች ቴጋን፤ በፈገግታ ተቀብላም ወደ ውስጥ ሄደች።

ሉሴያኔ እንባዋ መጣ። ሮጣ ሄዳ አስመልሳ ልትመጣ ተነሣች። አክስቴ በዓይኗ ብቻ አቆመቻት። ሰጥታ መለመን አይሆንላትም። ገብተን ጠረጴዛችን ጋ ስንደርስ እኛን አስቀመጠችና እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለ አባቴ።

«ከልጁ እናት ፊት ባዶ እጄን አልቀመጥም። እናንተ ብሉ፤ እኔ ቆሜ አሳልፋለሁ።»

እኛ አገር ድግስ ላይ ምንም ያላመጣ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ብሪዝበን ውስጥ ግን ቆሞ የሚቀር ደንበኛ ቅሬታ ያለው ደንበኛ ነው። አንዱ አስተናጋጅ መጸዳጃ ቤት የፈለገች መስሎት በጣቱ አሳያት። ሌላው ወንበሩን ለወጠላት፤ ከዚያም ትራስ አመጣ። የቤቱ ኃላፊ ራሱ መጥቶ መስኮት አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ አቀረበላት፤ እምቢ ስትለው ለሁላችንም መጠጥ ጋበዘን። አክስቴ ሁሉንም አመሰገነች። ቆመችም።

ቴጋን የተመለሰችው በዚህ መሐል ነው። ብርጭቆዎቹን በፍጥነት አነሣችና የአክስቴን ሰሌን በጠረጴዛችን ላይ ዘረጋችው። ላባው እስከ ጉልበታችን ወረደ። በዚያ አገር ሰው ለደስታው ፊኛም፣ አበባም፣ ኬክም ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ እሷም ለጠረጴዛችን ማስጌጫ ያመጣነው መስሏት ነበር። ላዩ ላይ ሻማ፣ ዳቦ፣ የዳቦ ማጥቀሻ ዘይት የተሞላ ሳህን ደርድራ፣ ራቅ ብላ ሥራዋን አየችና ደስ ብሏት ሄደች።

አባቴ የዘይቱን ሳህን ከሰሌኑ ላይ አፈፍ አድርጎ በሁለት መዳፉ ያዘው። እኔ ሻማውን አነሣሁ። ሉሴያኔ ዳቦውን። የት እንደምናስቀምጠው ግን አናውቅም። ክሬግ እናትና አባቱን ይዞ የገባው፣ ሦስታችን መባ እንደያዘ ምእመን ተደርድረን እንደተቀመጥን ነው።

የክሬግ እናት ግሌኒስ ትባላለች፤ አጠር ያለች፣ ፀሐይ ያቀላት፣ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችንም። ጠረጴዛውን አየች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። የሰሌኑን ጥግ አንሥታ በጣቷ ተከትላ ሄደች፤ የተታታበትን ቅጠል ጫፍ ፍለጋ ነበር፣ አጣችው።

«በዚህ ላይ ነው ምግብ የሚቀመጠው?» አለች። ባሏንም በዓይኗ ጠርታ በጥንቃቄ አጠፉት። «የማን ነው?»

አክስቴ ከግድግዳው ቴጋንን አመለከተቻት።

«የሷ ነው» አለች።

ቴጋን ትእዛዝ ለመቀበል መምጣቷ ነበር፤ ደንግጣ ሳቀች። «ኧረ የኔስ አይደለም። የእናንተ የቤተሰቡ ነው። እርስዎ ይያዙት» አለችና ሰሌኑን ወደ ግሌኒስ ደረት ገፋ አድርጋ፣ ሳህኑን ከአባቴ እጅ ተቀብላ አስቀመጠች። ለእሷ ነገሩ ጠረጴዛ ማጽዳት ነበር።

አክስቴ ተጠግታ ክንዴን ያዘችኝ።

«አየሽ? አንዴ እንኳ አላቅማማችም። የማን ልጅ ናት?»

እንደማላውቅ ነገርኳት።

«የትልቅ ሰው ልጅ ናት። በሰው ቤት ትሠራለች እንጂ ዘሯ ከፍ ያለ ነው።»

አባቴን አየሁት። አባቴ ወንዙን አየ። እውነቱን የሚናገር አልተገኘም፤ ያን ሰዓት ደግሞ እኔም የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ግሌኒስ ሰሌኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አላደነቀችውም፣ አላመሰገነችም። ማን እንደሠራው ብቻ ጠየቀች።

«እናቴ» አለች አክስቴ። «ቀሪውን እኔ።»

ግሌኒስ ራሷን ነቀነቀች። እጇም ከሰሌኑ ላይ አልተነሣም።

ሰሌኑ መድረሻው ደርሷል። አክስቴ ግን አሁንም ቆማለች፤ ከእሷ በላይ የሰጠ ሰው ቆሞ ሲያስተናግድ እሷ እንዴት ትቀመጥ? ዓሣው መጣ፣ ድንቹ መጣ። ቴጋን የመጨረሻውን ሳህን አሳርፋ ዞር ስትል አሮጊቷን ግድግዳው ጋ አየቻት። ወንበሩን በሁለት እጇ ስባ ያዘችላት።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ። ይቀዘቅዝብዎታል።»

አክስቴ ከወንድሟ ትእዛዝ ተቀብላ አታውቅም፤ ከባሏም ስትቀበል የሰማ የለም። ቴጋንን ቀና ብላ አየቻት፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ቀሚሷን ሰብስባም ተቀመጠች። ሹካውን ወደ ጎን ገፋችው። ዓሣውን በእጇ ቆርሳ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ አጠገቧ ላለችው ለግሌኒስ ሳህኗ ላይ አደረገችላትና፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዳልቀመሰ ሰው መብላት ጀመረች።